በየቀኑ አዲስ፦ ስለ ፈጠራ ከቅኔ ቤት ምን እንማር?

«ፈጠራ» የሚለው ቃል ሳይነሣ የሚያልቅ የትምህርት ስብሰባ በአሁኑ ጊዜ አይገኝም። በፖሊሲው አለ፣ በስልጠናው አለ፣ በየግድግዳው ተለጥፏል። «ፈጠራ ጥሩ አይደለም» ብሎ የሚከራከር ሰው ስለሌለም ቃሉ ሲነገር ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀን እንስማማለን። ስብሰባው ሲያልቅ ግን ወደ ክፍል ተመልሰን ሃንድአውት እንቀበላለን፣ እናነባለን፣ እንፈተናለን፣ እንረሳለን።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ፈጠራ ይበረታታ» ብዬ ሌላ መፈክር ማከል አልፈልግም። ማንሣት የምፈልገው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ለመሆኑ ፈጠራን ማስተማር ይቻላል ወይ? ከተቻለስ እንዴት ነው የሚደረገው? ብዙ ሰው መልሱን ለማግኘት ወደ ፊንላንድ ወይም ወደ ጃፓን ይመለከታል። እነሱን ማየት ክፋት የለውም። እኔ ግን ባደግሁበት አካባቢ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ተማሪን በየቀኑ አዲስ ነገር ፍጠር እያለ ለዘመናት ሲያስተምር የኖረ ትምህርት ቤት እንዳለ አውቃለሁ። እሱም ቅኔ ቤት ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃላቱ

ፈጠራ ስንል ከዚህ በፊት በዚያ መልክ ያልነበረ ሐሳብ ማፍለቅ ማለታችን ነው። ኢኖቬሽን የምንለው ደግሞ ያንን ሐሳብ ሥራ ላይ አውሎ አንድን አሠራር መለወጥ ነው። ለምሳሌ አንድ የጃቢ ጠህናን መምህር የሂሳብ ትምህርትን በተማሪዎቹ አባቶች ማሳ ላይ ቢያስተምር፣ ጥማዱን በገመድ አስለክቶ ወደ ሄክታር ቢያስቀይር (ጥማድ በግምት ሩብ ሄክታር ነው)፣ ሐሳቡ ፈጠራ ነው። ይህንኑ ሌሎች መምህራን ወስደው የትምህርት ቤቱ ልማድ ሲያደርጉት ኢኖቬሽን ሆነ እንላለን። ሁለቱም ኮምፒዩተር የግድ አይጠይቁም። ብዙዎቻችን ኢኖቬሽን ሲባል ስክሪን ያለው ነገር ብቻ ይመስለናል። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የሚጀምረው።

የኛ ክፍል እንዴት ይውላል?

ብራዚላዊው የትምህርት ሊቅ ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፈው «የተጨቆኑ ሰዎች ትምህርት» በሚለው መጽሐፉ የተለመደውን አስተማመር ከባንክ ጋር አመሳስሎታል። መምህሩ ገንዘብ አስቀማጭ፣ ተማሪው ደግሞ ባዶ ሣጥን ነው። ያስቀመጡበትን ይቀበላል፣ በፈተና ቀን ይመልሳል። ወለድ እንኳ የለውም!

የኛ አገር ክፍል ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ዓላማው አድርጎ ጽፏል። ተማሪ ተኮር ዘዴ፣ ተከታታይ ምዘና፣ አንድ ለአምስት አደረጃጀት እየተባለም ብዙ ነገር መጥቷል። ሆኖም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ የሚመረጥበት ፈተና ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ተማሪ ደግሞ ብልህ ነው፤ የሚጠየቀውን ያውቃል። የሚጠየቀው መምረጥ ከሆነ መምረጥን ይለማመዳል፤ መፍጠር ለምን ይለማመዳል? አንድ ለአምስቱም ቢሆን ብዙ ቦታ አንዱ ሠርቶ አምስቱ ስማቸውን የሚጽፉበት ሆኖ እንደቀረ ያላየ ተማሪ አለ ለማለት ይከብዳል።

ውጤቱን አይተነዋል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ለዚህ ብዙ ምክንያት መዘርዘር ይቻላል፤ ጦርነቱም፣ ኮቪድም፣ የመጽሐፍ እጥረቱም አለ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፦ የሰው መልስ መውሰድ ሲከለከል የራሱ መልስ ያለው ሰው ጥቂት ሆኖ ተገኘ።

ፕላዝማ፦ መሣሪያ ብቻውን ምን አደረገ?

ፈጠራን በመሣሪያ ለማምጣት የተደረገውን ትልቁን ሙከራ ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያስታውሱታል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተከለና በሳተላይት ትምህርት መሰጠት ጀመረ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለ ተማሪና ገጠር ያለ ተማሪ እኩል አንድ ዓይነት ጥሩ መምህር ያያሉ፤ ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ሙከራውን በስክሪን ይመለከታል። ይህ ለገጠር ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የት ላይ ነበር? ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ መልሱን ራሱ ተናግሮ ይሄዳል። ተማሪው ግን ገና እንግሊዝኛውን በልቡ እየተረጎመ ነው። «ቆይ፣ አልገባኝም» ቢል የሚሰማው የለም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ። መምህሩም በራሱ ክፍል አስተዋዋቂ ሆኖ ቀረ፤ መጀመሪያ ላይ ርዕሱን ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ ያጠቃልላል። ስለዚህ መሣሪያው አዲስ ሆኖ ሳለ የማስተማሩ መንገድ ግን ያው የባንኩ መንገድ ነበር። እንዲያውም ሣጥኑ ራቅ አለ እንጂ! ከዚህ የምንወስደው ትምህርት፣ በተማሪው ላይ የሚጣለው ሥራ ካልተለወጠ ዕቃው መለወጡ ብቻ ፈጠራን አያመጣም የሚል ነው። ዛሬ በየክፍሉ ታብሌት ቢታደልም ይኸው ነው።

ቅኔ ቤት እንዴት ያስተምራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከንባብ ቤት ይጀምራል፤ ፊደል፣ ንባብ፣ ዳዊት። ቀጥሎ ዜማ ቤት አለ። እነዚህ በአብዛኛው የቃል ጥናት ናቸው። ብዙ ሰው «የአብነት ትምህርት ማለት ሽምደዳ ነው» የሚለው እዚህ ድረስ ያለውን ብቻ አይቶ ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ጨዋታው ይለወጣል።

ጎጃም በቅኔ ትታወቃለች። ስማቸው በቅኔ ስልት ከሚጠራው ሦስቱ ጉባኤያት መካከል ዋድላ የወሎ ሲሆን ዋሸራና ጎንጅ የጎጃም ናቸው። ጎንጅ ዛሬም የጎጃም ወረዳ ስም ሆኖ ይጠራል። ከሌላ አገር ሳይቀር ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እየለመነ ወደዚህ አገር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ አመጣጡ ለዚሁ ነው።

የቅኔ ቤት ውሎ ከቦታ ቦታ ቢለያይም መሠረቱ እንዲህ ነው። ተማሪው በቅድሚያ የግእዝ ግስ ያጠናል፤ እርባታውንና አገባቡን ይማራል። ይህ መሣሪያው ነው። ከዚያ የኔታ በጉባኤው ፊት ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ማለትም የራሳቸውን አዲስ ቅኔ ያፈልቃሉ፣ ይተረጉማሉ፣ መንገዱን ያሳያሉ። ተማሪው ይህን ሰምቶ ወደ ዱር፣ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ሜዳ ይወጣና ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ቅኔ ቆጠራ የሚባለው ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው የቆጠረውን ይናገራል፤ ይታረምለታል፣ ይቃናለታል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ አዲስ ቅኔ። የትናንቱን ይዞ መምጣት የለም።

ደረጃውም የተሰናዳ ነው። ጀማሪው በሁለት ቤት በምትጠናቀቀው ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ ቀጥሎ አምስት ቤት ወዳለው ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ፣ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ዓመት ስለሞላ አይደለም፤ ሲችል ነው። አንዱ በጥቂት ወር የሚያልፈውን ሌላው ዓመት ሊቆይበት ይችላል። ማንም «ወደቀ» አይለውም፤ ገና እየቆጠረ ነው።

ሰምና ወርቁስ? ለማያውቅ አንባቢ በአማርኛ ለማሳየት ያህል ይህችን ራሴ ገጣጥሜአለሁ፦

ጥፋቱ ብዙ ነው ሲሉት አስተማሪ
ሳይማር ሊሄድ ነው ያ ምስኪን ተማሪ።

ሰሙ «ምሕረት ሳያገኝ» ነው፤ ወርቁ «ትምህርት ሳያገኝ»። «ሳይማር» የምትለው አንዲት ቃል ሁለቱንም ተሸክማለች። የኔ ስንኝ ከቅኔ ቤት ጀማሪም በታች እንደሆነች አውቃለሁ፤ ቅኔው በግእዝ ነው፣ ሕጉም ከዚህ እጅግ የጠበቀ ነው። ነገር ግን አንድ አእምሮ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንዲያይ የሚገደደው እንዴት እንደሆነ ለማሳየት ትበቃለች።

ከዚህ ምን እናገኛለን?

እኔ አራት ነገር አያለሁ።

አንደኛ፣ ሕግና ፈጠራ ጠላቶች አይደሉም። ብዙ ጊዜ «ተማሪውን ነፃ ልቀቀው፣ ይፈጥራል» ሲባል እንሰማለን። ቅኔ ቤት ግን እንዲህ አላደረገም። ግሱን አጥንቶ፣ የቤቱን ቁጥርና ዜማ ጠብቆ ነው ፍጠር የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1956 ቤንጃሚን ብሉም ያወጣው የትምህርት ዓላማዎች ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲከለስ «መፍጠር» የላይኛው እርከን ሆነ፤ «ማስታወስ» ግን ከታች መሠረት ሆኖ ቀጠለ። ቅኔ ቤት ሁለቱን በአንድ ቀን ያገናኛቸዋል፤ ግሱን ያስታውሳል፣ ቅኔውን ይፈጥራል። የኛ ክፍል የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን «ስትመረቁ» ብሎ ያስተላልፈዋል።

ሁለተኛ፣ መምህሩ ራሱ በተማሪው ፊት ይፈጥራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኔታ ስለ ቅኔ ሌክቸር ሰጥተው አይሄዱም፤ ቅኔ ይዘርፋሉ። ተማሪው የተጠናቀቀ ሥራ ብቻ ሳይሆን ሥራው ሲሠራ ያያል። ዜና አጻጻፍ የሚያስተምረን መምህር በክፍላችን ቆሞ፣ የዛሬን ጉዳይ ይዞ፣ እየሰረዘና እየደለዘ መግቢያ ሲጽፍ ብናይ ምን ያህል እንማር ነበር?

ሦስተኛ፣ ምዘናው የቃል ነው። ተማሪው ቅኔውን ተናግሮ ሲጨርስ «ሰሙ የቱ ነው? ወርቁስ? ይህን ቃል እዚህ ለምን አገባኸው?» ይባላል። የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ሰው እዚህ ጋ ይያዛል። ነውርም ነው። ዛሬ አሳይመንት ከስልክ ላይ ገልብጦ ማስገባት፣ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽፎ እንዲሰጥ ማድረግ ቀላል ሆኗል። መምህራን በዚህ ይጨነቃሉ። መፍትሔው ግን አዲስ አይደለም፤ ጽሑፉን ተቀብሎ ከማረም በፊት ጸሐፊውን አምስት ደቂቃ ማነጋገር ነው። ያልጻፈው ሰው መመለስ ያቅተዋል። የጻፈው ደግሞ ሲመልስ ይበልጥ ይገባዋል።

አራተኛ፣ ተማሪ ተማሪን ያስተምራል። አስነጋሪው ትናንት ተማሪ የነበረ፣ ዛሬም ገና እየተማረ ያለ ነው። አንድ የኔታ ብዙ ተማሪ መያዝ የቻሉት በዚህ ነው። «ስልሳ ተማሪ በአንድ ክፍል ይዤ እንዴት የእያንዳንዱን ልይ?» ለሚል መምህር መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። ከአንድ ለአምስቱ የሚለየውም አስነጋሪው በርግጥ ከሚያስነግረው ሰው በደረጃ ቀድሞ የሄደ መሆኑ ነው።

ይህ መንገድ ለኛ ሙያ ባዕድ እንዳልሆነ ለማየት አቤ ጉበኛን ማስታወስ ይበቃል። ከዚሁ ከጎጃም፣ ከአቸፈር የወጣው ይህ ደራሲ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድጎ ነው በኋላ ጋዜጠኛና የ«አልወለድም» ደራሲ የሆነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም ጉባኤ ቤቶች ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የምናውቀው በዛብህም የቅኔ ቤት ልጅ ነው።

ማር ብቻ አይደለም

ይሁን እንጂ ቅኔ ቤትን ገነት አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ጋዜጠኛ የሚሆን ሰው አንድ ጎን ብቻ መጻፍ የለበትም። ተማሪው ረሃብ አለበት፣ የውሻ ንክሻ አለበት፣ በሽታ አለበት። ቅጣቱም ጠንካራ ነው። ጉባኤው በአብዛኛው የወንዶች ሆኖ ኖሯል። በርግጥ በጎጃም ጽላሎ ቅኔ ያስተማሩት፣ በልጅነታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሉ፤ እሳቸውን ሊቃውንት ሁሉ ያከብሯቸዋል። ነገር ግን የሳቸው ስም ደጋግሞ የሚጠራው ሌሎች ሴቶች በብዛት ዕድሉን ስላላገኙ ጭምር ነው። አንዲት እማሆይ ገላነሽ ይህን ካደረጉ፣ ያልተማሩት ስንቶቹ ምን ያደርጉ ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሌላው፣ የቅኔ ፈጠራ በዋናነት በቃል ላይ ያለ ፈጠራ ነው። የቡሬን በርበሬ ከነቀዝ የሚያድን ወይም ማረሻ የሚያሻሽል አይደለም። ቡሬ ዛሬ የበርበሬና የበቆሎ ገበያ ብቻ አይደለችም፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ አሉባት። የአካባቢው ልጅ እዚያ ገብቶ ሥራ የሚያሻሽል ሐሳብ እንዲያመጣ ከተፈለገ እጁም መለማመድ አለበት። ስለዚህ ከቅኔ ቤት የምንወስደው ይዘቱን አይደለም፤ አሠራሩን ነው። ግስን በሳይንስ ሕግ፣ ቅኔ ቆጠራን በሙከራ፣ ነገራን በማብራራት መተካት ይቻላል። አንድ የፊዚክስ መምህር «ወፍጮ ቤት ሂዱና የገረመሳችሁን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ፣ ነገ ታስረዱኛላችሁ» ቢል ይህ ቅኔ ቆጠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር ማለፍ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆች ዓመታት አልፈውባቸዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ፈጠራ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ተቃራኒው ይመስለኛል። ቅኔ ቤት አዳራሽና ስክሪን ሳይጠይቅ ከዛፍ ጥላ ሥር የኖረ ትምህርት ነው። የቤቱ ግድግዳ ሲጎድል የማስተማሩ ብልሃት ይበልጥ ያስፈልጋል። ይህን የምለው ግን ትምህርት ቤቶቹ ይከፈቱ፣ ልጆቹ ይመለሱ የሚለውን ጥያቄ ለመተካት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ወደ ዲፓርትመንታችን ስንመጣ

ቅኔና ዜና የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ለዛሬ ናቸው። የትናንት ቅኔ ለዛሬ በዓል አይቀርብም፤ የትናንት ዜናም ዛሬ ዜና አይደለም። ታዲያ በየቀኑ አዲስ የሚጠይቅ ሙያ በሴሚስተር ሁለት አሳይመንት እንዴት ይለመዳል? የተገለበጠውን ፒራሚድ ትርጉም በቃላችን እናውቃለን። ይህ ግሱ ነው። ቆጠራው ግን የለም።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቼ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን እያንዳንዱ ተማሪ ከከተማው፣ ከገበያው ወይም ከመናኸሪያው አንዲት አዲስ ነገር ይዞ አንድ አንቀጽ ዜና ይጻፍ። ከዚያ አይበልጥ፤ ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ናት። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች አስነጋሪ ይሁኑ፤ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጀማሪ ይዘው «ማን ነገረህ? በዓይንህ አይተሃል? ይህ ቃል ለምን ገባ?» ብለው ይጠይቁ። መምህራን በሳምንት አንድ ቀን በፊታችን ቆመው ይጻፉ፤ ሲሰርዙም እንያቸው። አንዷን አንቀጽ በደንብ የቻለ ወደ ሙሉ ዜና፣ ከዚያ ወደ ፊቸር ይለፍ፤ ያልቻለ ሳያፍር እዚያው ይቆይ። ለዚህ ሁሉ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶና ፈቃደኝነት ነው።

«ጊዜ የለም፣ ኮርሱ አያልቅም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ። እውነት ነው፤ ኮርሱ ብዙ ነው። ነገር ግን ኮርሱ አልቆ ተማሪው አንዲት ዜና መጻፍ ካልቻለ ምኑ ነው ያለቀው? መወድስ የደረሰ ተማሪ ከሁለት ቤት ነው የጀመረው፤ በየቀኑም አዲስ ይዞ ቀርቧል። እኛም ከአንድ አንቀጽ እንጀምር። አስነጋሪ መሆን የሚፈልጉ የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ስማቸውን ለክፍል ተጠሪዎች ቢያስመዘግቡ በሚቀጥለው ሳምንት መጀመር እንችላለን።

ቸር ይግጠመን!